ደብዳቤው ደረሰ፤ ልጁን ማን ተቀበለው?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ባለፈው ዓመት ለ30 ድርጅቶች የትብብር ደብዳቤ ላክን። የመለሱልን 4 ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ መካከለኛ ፋብሪካ ነው፣ 12 ተማሪዎቻችንን ለሁለት ሳምንት የተግባር ልምምድ ተቀበለ። የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረምን፣ ፎቶም ተነሳን። ልጆቹ ግን ሁለቱን ሳምንት ካርቶን ሲያነሱና ሲጠርጉ ጨረሱት። በመጨረሻ ድርጅቱም ‹ከእንግዲህ አትላኩ› አለን። ጥፋቱ የት ላይ ነው? ዓመታትን የሚሻገር ግንኙነትስ እንዴት ይመሠረታል?»

ከ30 ደብዳቤ 26ቱ መልስ ማጣቱ ብዙ አያስጨንቅዎ። ከማያውቁት ሰው የመጣ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ገብቶ መቅረቱ የታወቀ ነው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ልጆቹ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በሩ ላይ ሲደርሱ ማን ተቀበላቸው? በጥያቄዎ ውስጥ ድርጅቱ አለ፣ ፊርማው አለ፣ ፎቶው አለ። ልጆቹን የተረከበው ሰው ግን የለም። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ይህን የምለው ራሴም ወድቄበት ስለማውቀው ነው። ትምህርት ቤቶችን ከቀጣሪዎች ጋር ማገናኘት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት 6 ተማሪዎችን ወደ አንድ የጥገና ወርክሾፕ ላክሁ። ሁሉ ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር። ስምምነቱ ተፈርሟል፣ ማኅተሙ አርፏል። ልጆቹ በማለዳ ሄዱ። ጥበቃው ስለ እነሱ የሰማው ነገር የለም። የፈረመው ሥራ አስኪያጅ ስብሰባ ላይ ነው፣ ስልኩን አያነሳም። ልጆቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ አጥር ሥር ቆሙ። በኋላ የመጋዘኑ ኃላፊ አዘነላቸውና አስገባቸው። «እስኪ ይቺን ሳጥን ወደዚያ አዙሩልኝ» አላቸው። በዚያው ቀጠለ።

ከሳምንት በኋላ ፎርማኑን አገኘሁት። ጨዋ ሰው ነው፣ አልተቆጣኝም። «ወንድሜ፣ ማንም አልነገረኝም» አለኝ። «እኔ ማታ የምጠየቀው ስንት ማሽን አስነሳህ ተብዬ ነው። 6 ልጅ ይዤ ምን ላድርግ?»

ልክ ነው። መፈረም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሸክሙን የሚሸከሙት ፎርማኑ፣ የፈረቃ አለቃው፣ ነርሷ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ ናቸው። የእነሱ የቀን ሥራ አልተቀነሰላቸውም። በላዩ ላይ ልጅ ተጨመረባቸው። ልጁ ይጠይቃል፣ ይሳሳታል፣ ዕቃ ያበላሻል፣ አንዳንዴም ይሰለቻል። ይህን ሁሉ አለቃው አያየውም።

ስለዚህ ከድርጅቱ ኃላፊ ጋር ሲቀመጡ ከሁሉ አስቀድመው ይህን ይጠይቁ፦ «ልጁ ጠዋት ሲመጣ የሚቀበለው ማነው? ቀኑንስ ሙሉ አጠገቡ የሚሆነው?» መልሱ «የሰው ኃይል ክፍል ያመቻቻል» ከሆነ ገና ነው። መልሱ የሰው ስም መሆን አለበት። ስሙን ካገኙ ያንን ሰው ራሱን ሥራ ቦታው ላይ ሄደው ያናግሩት። አለቃው አጠገባችሁ ባይኖር ይሻላል። «ፈቃደኛ ነዎት?» ብለው ይጠይቁት። ይህን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል። «አሁን አይመቸኝም» ካለ አመስግነው ሌላ ሰው ይፈልጉ። ተገዶ የተረከበ ሰው ለልጁ መጥረጊያ ነው የሚሰጠው።

ጀርመኖች ይህን ለሰው ደግነት አልተዉትም። የሙያ ሥልጠና ሕጋቸው የወጣው በ1969 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። በሕጉ መሠረት ተለማማጅ የሚቀበል ድርጅት ለማሠልጠን ብቁ የሆነ ሰው ሊኖረው ይገባል። ሙያውን ማወቁ ብቻ አይበቃም። ማስተማር እንደሚችልም ማሳየት አለበት፣ ለዚህም ራሱን የቻለ ፈተና አለ። ውሉ የሚታሰረው በድርጅቱና በተለማማጁ መካከል ነው። ልጁ ይከፈለዋል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ይውላል፣ የቀረውን ቀን ሥራ ላይ ነው። በዚህ መንገድ የሚሠለጠንባቸው ሙያዎች ከ300 በላይ ናቸው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እኛም እንቅዳው» ይላል። እንዲህ በቀላሉ አይቀዳም። ከጀርባው የንግድ ምክር ቤቶች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና መንግሥት ለብዙ ዘመን አብረው የሠሩት ሥራ አለ። አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን ሊያቆመው አይችልም። እርስዎ ነገ ጠዋት ሊወስዱት የሚችሉት አንዲት ነገር ናት፦ ልጁን የሚረከበው ሰው በስም ይታወቅ፣ ይዘጋጅም። ዝግጅቱ ትልቅ ሥልጠና አይደለም። አንድ መምህርና አንድ ፎርማን ለግማሽ ቀን ቁጭ ብለው ልጁ የመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚያይ፣ በሁለተኛው ምን እንደሚነካ፣ በአምስተኛው ምን ብቻውን እንደሚሠራ ይጻፉ። ይህ ወረቀት ከመግባቢያ ሰነዱ ይበልጣል። እኔ እንዲያውም የመግባቢያ ሰነዱን የማስፈርመው ይህ ወረቀት ካለቀ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቀጣሪው ጥቅም ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሳያስቡት ይዋሻሉ። «ተማሪዎቻችን ሥራችሁን ያግዟችኋል» ብለው ይጽፋሉ። በሁለት ሳምንት የሚያግዝ ልጅ የለም። በሁለት ሳምንት ልጁ ራሱ እገዛ ፈላጊ ነው። በስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ድርጅቶችን እየጠየቁ የሥልጠናውን ወጪና ገቢ በተደጋጋሚ አስልተውታል። በአማካይ ሲታይ የስዊዝ ድርጅት ሥልጠናው ሲያልቅ ወጪውን መልሶ ያገኛል፤ ምክንያቱም ተለማማጁ በኋለኞቹ ዓመታት የባለሙያ ሥራ ይሠራል። ልብ ይበሉ፣ ይህ 3 እና 4 ዓመት የሚፈጅ ሥልጠና ነው። በጀርመን ደግሞ ድርጅቶቹ በሥልጠናው ጊዜ በአማካይ ከኪሳቸው ያወጣሉ። የሚካሱት ኋላ፣ ራሳቸው ያሠለጠኑትን ልጅ ሲቀጥሩ ነው። እንግዲህ ለዓመታት ያሠለጠነው እንኳን እንዲህ ከሆነ፣ የእርስዎ ፋብሪካ በሁለት ሳምንት ከ12 ልጆች ምን ሊያተርፍ ይችል ነበር? ምንም። ተታለልኩ ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም።

ታዲያ ምን ብለን እንሂድ ካሉኝ፣ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ እላለሁ። ለመጀመሪያው ጉብኝት ደብዳቤ አያስፈልግም። ማስታወሻ ደብተር ይበቃል። «ባለፈው ዓመት ለየትኛው ሥራ ሰው አጥታችሁ ተቸገራችሁ?» ብለው ይጀምሩ። ቀጥለው «አዲስ የምትቀጥሩት ልጅ በመጀመሪያው ወር የሚያቅተው ምንድን ነው?» ይበሉ። ይቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። አንድ የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ «መለካት ይችላሉ፤ የለኩትን ግን አይጽፉም» ብሎኛል። አንዲት የክፍል ኃላፊ ደግሞ «ሲሳሳቱ ይደብቁኛል» አለችኝ። ስለ ሒሳብ ወይም ስለ ኮምፒውተር ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ የሰማሁት ይህን ነው።

የመጀመሪያውን ወደ ትምህርት ቤቱ ወስጄ ለፊዚክስ መምህሩ ነገርኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ቤተ ሙከራ ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ የልኬት መዝገብ እንዲይዝ አደረገ። ቀን፣ መሣሪያ፣ ልኬት፣ ፊርማ። መዝገቡን ፎቶ አንስቼ ለኃላፊው ላክሁለት። ከዚያ ወዲህ ለእሱ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ራሱ ነው የሚደውልልኝ። ትምህርት ቤቱ ምንም ሳይጠይቀው፣ እሱ የተናገረውን ሰምቶ አንድ ነገር ቀየረ። ቀጣሪዎች ይህን ከትምህርት ቤት አይጠብቁም፣ ስለዚህ ሲያዩት አይረሱትም።

ሌላው ስህተት ከጣሪያው መጀመራችሁ ነው። 12 ልጅ ለሁለት ሳምንት ማለት ከባድ ልመና ነው፤ ያውም ለማይተዋወቅ ሰው። ግንኙነት የሚጀምረው ከትንሽ ነገር ነው። አንድ ሰው ለአንድ ክፍለ ጊዜ መጥቶ ስለ ሥራው ያውራ። አንድ ክፍል ተማሪ ለግማሽ ቀን ሄዶ ይጎብኝ። አንድ መምህር ለሁለት ቀን ድርጅቱ ውስጥ ይዋል። ድርጅቱ አንድ እውነተኛ ችግር ለክፍሉ ይስጥና ልጆቹ መፍትሔ ይዘው ይቅረቡ። ልምምዱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢመጣ፣ ያኔ ልጆቹን የሚያውቃቸው ሰው አለ።

ትንሹ ነገር ትንሽ መስሎ ይታያል እንጂ ውጤቱ ቀላል አይደለም። በብሪታንያ ከ19 እስከ 24 ዓመት የሆኑ ወጣቶችን የጠየቀ ጥናት አለ። ትምህርት ቤት ሳሉ ከቀጣሪዎች ጋር 4 ጊዜና ከዚያ በላይ መገናኘታቸውን ያስታወሱት፣ ምንም አልተገናኘንም ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከሥራም ከትምህርትም ውጭ ሆነው የመገኘት ዕድላቸው በ5 እጥፍ ያነሰ ነበር። ሥራ ላይ ያሉትም ገቢያቸው በአማካይ በ16 በመቶ ይበልጥ ነበር። ጥናቱ በትዝታ ላይ የቆመ ስለሆነ እኔ ልዩነቱን ሁሉ ለግንኙነቱ አልሰጠውም። ቢሆንም ከተቆጠሩት ግንኙነቶች ውስጥ የአንድ ቀን፣ የአንድ ሰዓት ነገሮችም እንዳሉበት ልብ ማለት ይገባል። በእንግሊዝ ጋትስቢ ፋውንዴሽን በ2014 ያወጣቸው 8 የሙያ ምክር መለኪያዎችም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ተማሪው ከ11 ዓመቱ ጀምሮ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከቀጣሪ ጋር ትርጉም ያለው ግንኙነት ይኑረው ይላሉ።

«ትርጉም ያለው» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። እንግዳ ተናጋሪ አዳራሽ ሞልቶ ለ300 ልጅ «ጠንክራችሁ ተማሩ» ብሎ ከሄደ ያ አይቆጠርም። ልጆቹ አጨብጭበው ይወጣሉ፣ ያ ነው። አንድ ጊዜ የመጣ የጥገና ቴክኒሺያን ግን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ንግግር አልወድም ብሎ አስቀድሞ አስጠንቅቆን ነበር። ከቦርሳው ሁለት ኩሽኔታ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንዷን በጣቱ አሽከረከራት። ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል። ሁለተኛዋን አሽከረከራት። እንደ አሸዋ ትንኮሻኮሻለች። ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እየጠራ ጆሯቸው ሥር አሽከረከረላቸው። «ይህን ድምፅ ሰኞ ብሰማው ኖሮ ማክሰኞ ማሽኑ አይቆምም ነበር» አላቸው። «የእኔ ሥራ ይህን ድምፅ መስማት ነው።» ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ተነስታ «ስንት ጊዜ ሰምቶ ነው ሰው የሚለየው?» ብላ ጠየቀችው። ሃያ ደቂቃ በዚያ ጥያቄ ላይ ብቻ ሄደ። ማንም ሰዓት አላየም።

የእንዲህ ዓይነቱ ሰው መምጣት ሌላም ጥቅም አለው። በ2018 በተደረገው፣ የ15 ዓመት ተማሪዎችን ችሎታ በሚለካው ፒዛ (PISA) በተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በ41 አገሮች የ15 ዓመት ልጆች በ30 ዓመታቸው ምን ዓይነት ሥራ ላይ እንደሚሆኑ ተጠይቀው ነበር። ከወንዶቹ 47 በመቶ፣ ከሴቶቹ 53 በመቶ የጠቀሱት በጣም ከታወቁት 10 ሥራዎች ውስጥ አንዱን ነው። ሐኪም፣ መምህር፣ መሐንዲስ፣ ፖሊስ፣ እንዲህ ያሉትን። ልጆች የማያውቁትን ሊመኙ አይችሉም። ስለዚህ እንግዳ ሲጋብዙ ታዋቂውን ትተው ሥራው የማይታወቀውን ይጥሩ። የመለኪያ መሣሪያ የሚያስተካክለውን፣ የመጋዘን ዕቅድ የምታወጣዋን፣ የላቦራቶሪ ናሙና የምትመረምረዋን።

መምህራን ቀድመው ይሂዱ ያልኩትንም አጥብቄ ልድገመው። መምህሩ ራሱ ረግጦት በማያውቀው የሥራ ቦታ ላይ ተማሪ ማሰማራት ልክ አይደለም። የማያውቀውን ቦታ ልጁን ሊያዘጋጅለት አይችልም። ሲመለስም የሚጠይቀው ጥያቄ «እንዴት ነበር?» ብቻ ይሆናል። ሁለት ቀን እዚያ የዋለ መምህር ግን «ሦስተኛው ማሽን ላይ አድርሰውህ ነበር?» ይላል። ልጁም መልስ አለው።

እንግዲህ ልምምዱ ጋ ደረስን። ጊዜውን ከድርጅቱ ሥራ ጋር ማስማማት ራሱ ጥበብ ነው። በ1906 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ኸርማን ሽናይደር የሚባል መምህር የትብብር ትምህርት የሚባለውን ሲጀምር 27 የምህንድስና ተማሪዎች ነበሩት። ተማሪዎቹን ለሁለት ከፈላቸው። ግማሹ ክፍል ሲውል ግማሹ ፋብሪካ ይሠራል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ለሥራቸውም ይከፈላቸዋል። የፋብሪካው ባለቤት ሁልጊዜ ቦታው ላይ ሰው አለው፤ የትምህርት ካላንደር መጥቶ ሥራውን አያስቆምበትም። ይህን ያሰበ ሰው ከቀጣሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ አይቶታል ማለት ነው። እርስዎም ድርጅቱ ሥራ የሚበዛበትን ወር ጠይቀው ይወቁ። የዓመት ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት የሒሳብ ተማሪ መላክ ማለት ልጁን ጥግ ላይ ማስቀመጥ ነው።

ርዝመቱም ያው ነው። በእንግሊዝ ከ2020 ጀምሮ የሚሰጠው ቲ ሌቭል የተባለው የሙያ ትምህርት ተማሪው ቢያንስ 315 ሰዓት፣ 45 ቀን ያህል፣ ሥራ ቦታ እንዲውል ያዛል። ይህን ያህል ማግኘት ለብዙ ትምህርት ቤት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ምርጫው 12 ልጅ ለሁለት ሳምንት ወይም 3 ልጅ ለሁለት ወር ከሆነ፣ 3ቱን ይምረጡ። ሌሎቹን 9 ሌላ ቦታ ይፈልጉላቸው።

የደህንነት ነገር ላይ ግን አልደራደርም። የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ዝቅተኛ የሥራ ዕድሜ በ1973 ያወጣው 138ኛው ስምምነት የትምህርት አካል የሆነ ሥራን ከ14 ዓመት ጀምሮ ይፈቅዳል። ሁኔታዎቹን የሚመለከተው የመንግሥት አካል መወሰን አለበት፤ ሥራው ሥልጠና መሆን አለበት፤ ዋናውን ኃላፊነት የሚወስደውም ትምህርት ቤቱ ወይም የሥልጠና ተቋሙ ነው። አደገኛ ሥራ ደግሞ በመሠረቱ ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው አይፈቀድም። በደቡብ ኮሪያ በ2017፣ ጄጁ ደሴት ላይ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ ወጣት በተግባር ልምምድ ላይ እያለ በአንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ በማሽን አደጋ ሕይወቱ አለፈ። ልጁ የተላከው ሊማር ነበር። ያ ሞት አገሪቱን አነጋግሮ መንግሥት የልምምድ አሠራሩን እንዲመረምር አስገድዶታል። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ ማንኛውም ድርጅት ስገባ «ልጁ ብቻውን የማይነካው የትኛውን ማሽን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። በጣቴ እየጠቆምኩ፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ኢንሹራንሱን፣ የሥራ ልብሱን፣ ጫማውንና ጓንቱን ማን እንደሚያቀርብ፣ አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ ለማን እንደሚደወል አጽፋለሁ። ልጁ ማታ ፈረቃ አይገባም። የቀረ ሠራተኛ ቦታ አይሸፍንም። ይህን የማይቀበል ድርጅት ስሙ የቱንም ያህል ቢገን ልጅ አልሰጠውም።

ማንን ልላክ የሚለውም ጥያቄ አለ። በጃፓን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ኩባንያዎች ለብዙ ዘመን የዘለቀ ልማድ አላቸው። ኩባንያው ሰው ሲፈልግ ለሚያውቃቸው ትምህርት ቤቶች ያሳውቃል። ትምህርት ቤቱ በአብዛኛው አንድን ተማሪ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኩባንያ ብቻ ያቀርባል። ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ የማይሆን ልጅ «ጎበዝ ነው» ብሎ ቢልክ በሚቀጥለው ዓመት ቦታው ይቀንሳል፤ ኩባንያውም ዘንድሮ ሳይቀጥር ቢቀር ልጆቹ ፊታቸውን ያዞሩበታል። ይህ አሠራር የልጁን ምርጫ ያጠባል ተብሎ ይወቀሳል፣ ወቀሳውም እውነት አለው። እኔ ግን ከእሱ የምወስደው አንድ ነገር አለ፦ የትምህርት ቤቱ ቃል ዋጋ ያለው ነገር ነው። ልጁ ማርፈድ የሚያበዛ ከሆነ ለፎርማኑ ይንገሩት። «ጎበዝ ነው፣ ጠዋት ግን ያረፍዳል፣ እየሠራንበት ነው» ቢሉት የሚከፋው ሰው አይደለም። ሳይነገረው ቢያገኘው ነው የሚከፋው።

በዚሁ ላይ አንድ አደጋ አለ። ስማችን እንዳይጠፋ ብለን ሁልጊዜ ምርጦቹን ብቻ እንልካለን። አባቱ ወይም እናቱ ሰው የሚያውቁለት ልጅ ያለ እኛም ቦታ ያገኛል። እኛ በጣም የምናስፈልገው ቤቱ ውስጥ ማንም «እስኪ ለእገሌ ልደውልልህ» የማይለው ልጅ ነው። በየዓመቱ የላኳቸውን ልጆች ስም ዝርዝር አውጥተው ይዩት። ሴቶቹ ሁሉ ቢሮ፣ ወንዶቹ ሁሉ ማሽን ላይ ከሆኑ፣ ያለ ማንም ትእዛዝ እናንተው ናችሁ ያደረጋችሁት።

ለወላጆችና ለበላይ አካል ምን ቃል እንግባ ብለው ቢያስቡ፣ «የፈተና ውጤት ይጨምራል» ብለው አይግቡ። በአሜሪካ ካሪየር አካዳሚ የሚባሉት፣ መነሻቸው በ1969 ፊላዴልፊያ የሆነው፣ በአንድ የሙያ መስክ ዙሪያ ከቀጣሪዎች ጋር ተሳስረው የሚሠሩ ትናንሽ የትምህርት ክፍሎች ናቸው። ለመግባት ካመለከቱት ተማሪዎች በዕጣ የገቡትንና ያልገቡትን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ተደርጎባቸዋል። የፈተና ውጤት አልተለወጠም። ልጆቹ ትምህርት ከጨረሱ በኋላ ባሉት 8 ዓመታት ግን የገቡት በአማካይ 11 በመቶ ብልጫ ያለው ገቢ አግኝተዋል። ብልጫው በዋናነት በወንዶቹ ላይ የታየ ነው። በዕጣ የተለየ ስለሆነ ማስረጃው ጠንካራ ነው። ጥቅሙ የሚታየው ልጁ ከእናንተ እጅ ከወጣ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የላኳቸውን ልጆች ስልክ ቁጥር ይያዙ፣ ከዓመትም ከሦስት ዓመትም በኋላ ይደውሉላቸው።

ልምምዱ ከተጀመረ በኋላ በየሳምንቱ ዓርብ ለተረከበው ሰው ይደውሉ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። «ልጁ ምን ሠራ? ምን አስቸገረዎት? ሰኞ ምን ላስተካክልለት?» ሪፖርት ቅጽ አይላኩለት፤ ፎርማን ቅጽ አይሞላም። በስልክ የነገረዎትን እርስዎ ይጻፉት። በሁለተኛው ሳምንት ሁለተኛ ሰው እንዲያውቅዎ ያድርጉ፣ ምክንያቱም ሰው ሥራ ይለቅቃል። ሦስት ዓመት የገነባሁት ግንኙነት በአንድ ሰው መልቀቅ ሲፈርስ አይቻለሁ። በእናንተም በኩል ያው ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው መምህር ክፍለ ጊዜ ይቀነስለት። በትርፍ ሰዓት፣ በራሱ የስልክ ካርድ ይሥራው ከተባለ አንድ ዓመት ቢያደርሰው ነው።

አሁን ወደ «ከእንግዲህ አትላኩ» ወዳለው ፋብሪካ ልመለስ። ግንኙነታችሁ አልሞተም ብዬ አስባለሁ። ለ12 ልጅ በሩን የከፈተ ድርጅት ክፉ ልብ የለውም። ደብዳቤ ሳይዙ፣ ሥራ አስኪያጁን ለይቅርታ ያህል ሰላም ብለው፣ ልጆቹ ካርቶን ያነሱበት ቦታ ድረስ ይሂዱ። ያዘዛቸውን ሰው ይፈልጉት። ስለቻላቸው ያመስግኑት፤ ያልጠየቀውን 12 ልጅ ሁለት ሳምንት ችሏል። ከዚያ «ከ12ቱ ውስጥ ስሙን የሚያስታውሱት ልጅ አለ?» ብለው ይጠይቁት። አንድ ስም ይጠራል ብዬ እገምታለሁ። ያንን ልጅና አንድ ጓደኛውን ለሦስት ቀን ብቻ፣ እሱ ራሱ በሚመርጠው ሳምንት፣ እሱ ራሱ በሚያወጣው የሥራ ዝርዝር ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁት። የነገረዎትን ይጻፉልኝ፤ ዝርዝሩን አብረን እናየዋለን።